በዝምታ የሚጸድቅ

ጅቡቲ፤ የባሕር ሥር የመገናኛ ኬብሎችን ለመጠበቅ አገሮች የተሰበሰቡበት ሆቴል ጓሮ፤ በምሳ ዕረፍት ላይ የስብሰባው ጸሐፊ ሰናይት ሳህኗን ይዛ ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ሽማግሌው ጀልበኛ ደርበው በወጥ ቤቱ በር ገብቶ ፊቷ ቆሟል።

ደርበው፦ ቆርጦ ያዳነና ጎትቶ የበጠሰ አንድ ነው ወይ? እሱን ብቻ መልሺልኝ።

ሰናይት፦ ጋሽ ደርበው፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ። ለመሆኑ በየት ገቡ? በሩ ላይ ጥበቃ አለ እኮ።

ደርበው፦ ጥበቃው ያለው በተሰብሳቢ በር ነው። እኔ የገባሁት በዓሣ በር። ስንት ዘመን ለዚህ ወጥ ቤት ዓሣ ሳቀብል ማን «ወዴት ነህ?» ብሎኝ ያውቃል? ይልቅ ጥያቄዬን አትሽሺ።

ሰናይት፦ አንድ አይደለም። አንድ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ደርበው፦ አንቺ ካወቅሽ ታዲያ ምን ጎደለ? ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽ?

ሰናይት፦ ጸሐፊ ሌላው ያለውን ይጽፋል እንጂ የራሱን አይልም።

ደርበው፦ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር መጥተሽ ስታስተምሪ ግን አፍሽ አልታሰረም ነበር። በዚያ ወበቅ፣ ጃንጥላሽን ዘርግተሽ፣ ሥዕሉን የጀልባ ጎን ላይ ለጥፈሽ። ረሳሽው?

ሰናይት፦ አልረሳሁም።

ደርበው፦ «ከባሕሩ ሥር ኬብል ተዘርግቷል፤ የአገር ሁሉ ስልክና ኢንተርኔት በዚያ ነው የሚያልፈው፤ መልሕቃችሁ ከያዘው እንዳትጎትቱ፤ የመልሕቁን ገመድ ቁረጡና ደውሉ፤ መልሕቁን የቆረጠ ይመሰገናል እንጂ አይጠየቅም» አላልሽም? ሰው ሁሉ «ባሕር ከሌለው አገር መጥታ ባሕር ታስተምረን ጀመር» እያለ ሲስቅብሽ ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። የኔው ልጅ ያዮ ነው።

ሰናይት፦ ከራሴ አውጥቼ አልተናገርኩም። አገሮች የተስማሙበት ሕግ ነው። ኬብል ላድን ብሎ መልሕቁን የተወ ጀልበኛ አይከሰስም፤ እንዲያውም መልሕቁ ይተካለታል ይላል።

ደርበው፦ መልሕቁ ለእናንተ ይሁን። ልጄን መልሱልኝ።

ሰናይት፦ እስቲ ይቀመጡ። ምሳ በልተዋል?

ደርበው፦ በዚህ ዓሣ ነው የምትጋብዢኝ? ይሄ እኮ ከበረዶ ሲወጣ ሲገባ የሰነበተ ነው። ያዮ ቢኖር እንዲህ ያለ ዓሣ በዚህ በር አያልፍም ነበር።

ሰናይት፦ ከታሰረ ወዲህ አናግረውታል?

ደርበው፦ በምን? እሱ ከባሕሩ ማዶ፣ እኔ ከባሕሩ ወዲህ። የእስር ቤቱ ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ «ሃሎ» ሲል ይቋረጣል። ኬብሉ ተበጥሷላ! ልጄን ያሳሰረው ኬብል፣ ድምፁንም የከለከለኝ ኬብል። ይጠገን ብለሽ የምትጸልዪው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ሰናይት፦ የዚያን ዕለት የሆነውን እስቲ ከአፍዎ ልስማው። የሰማሁት ሁሉ በሦስተኛ ሰው ነው።

ደርበው፦ ምን ነገር አለው። ያዮና እኔ ነበርን። መልሕቅ እናንሣ ብንል እምቢ አለ። እኔ «ድንጋይ ነው፣ እንጎትት» አልኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ዳበስ አደረገና «አባ፣ ድንጋይ አይደለም፤ ይለጠጣል። የሰናይት ኬብል ነው» አለኝ። ሰማሽ? የሰናይት ኬብል! «መልሕቅ የጀልባ እግር ነው፤ እግሩን የቆረጠ በምን ይቆማል?» ብዬ ተቆጣሁ። ሳልጨርስ ቢላዋውን አወጣ፤ ቆረጠው። ወዲያው የሰጠሽውን ቁጥር ደወለ።

ሰናይት፦ እሺ?

ደርበው፦ የውጭ አገር ቁጥር ነው የሰጠሽን። አልገባም። ዳርቻው እስክንደርስ ደወለ፤ አልገባም። መስመር የለም ይላል።

ሰናይት፦ መስመርማ አልነበረም።

ደርበው፦ ምን ማለትሽ ነው?

ሰናይት፦ ይህን ለእርስዎ መናገር አልነበረብኝም። ኬብሉ የተበጠሰው እናንተ ሳትደርሱ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ። ያዮ ቢላዋውን ሲያወጣ ኬብሉ ሞቶ ነበር።

ደርበው፦ ሞቶ ነበር?

ሰናይት፦ አዎ።

ደርበው፦ እንግዲያው መልሕቃችንን የገበርነው ለሬሳ ነው?

ሰናይት፦ ያን ጊዜ በምን ታውቃላችሁ?

ደርበው፦ ቆይ፣ ቆይ እስቲ። ይሄማ ደግ ነገር ነው! ልጄ ሳይደርስ ከሞተ ልጄ ገዳይ አይደለማ! እምቢ ያለው ጥሪ ራሱ ምስክር ነው!

ሰናይት፦ ያልገባ ጥሪ የትም አይመዘገብም፣ ጋሽ ደርበው። ጀልባችሁም ትንሽ ናት፤ መርከቦችን በሚከታተሉበት መሣሪያ ላይ አትታይም። በስንት ሰዓት እዚያ እንደደረሳችሁ የሚያውቁት ያዮ፣ እርስዎና እግዚአብሔር ብቻ ናችሁ።

ደርበው፦ ከሦስታችን አንዱ እንኳ አይታመንም?

ሰናይት፦ የሚታመነው ተወካይ አልላከም።

ደርበው፦ አየሽ፣ ስትፈልጊ ትናገሪያለሽ። ልጄ ላይ ታዲያ ምን አገኙበት?

ሰናይት፦ መልሕቁን ነዋ። ለጥገና የመጣችው መርከብ ካሜራ ወደ ታች ስትልክ ከኬብሉ አጠገብ መልሕቅ ተጋድሞ ታየ። በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። ፎቶውን አዳራሹ ውስጥ አሳዩንና «ይህ የምን ጽሕፈት ነው?» ብለው ጠየቁ። ፊደሉን ለይቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ደርበው ይላል» አልኳቸው።

ደርበው፦ አንቺ ነሽ ያነበብሽላቸው?

ሰናይት፦ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። አንድ ሰው ሰምቶኛል፤ ኬብል ሊያድን መልሕቁን ቆርጧል፤ ሊተኩለት ነው ብዬ። ፊቴ ሁሉ ፈክቶ ነበር።

ደርበው፦ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። የአሰብ ወደብ ደንብ ነው። አሰብ እያለን መልሕቁ ላይ ስሙን ያልጻፈ ጀልበኛ ልጁን ሳያስጠምቅ እንዳስቀረ ሰው ይታማ ነበር። መልሕቅ ይጠፋል፤ ያገኘው ስሙን አይቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። ከማዶ ድረስ አምጥተው «ያንተ ነው» ሲሉ አይቻለሁ። ደንብ ነበራ!

ሰናይት፦ አሁንም ስሙን አይተው ነው የፈለጓችሁ።

ደርበው፦ አዎ፣ መለሱልን፤ መልሕቁን አስቀርተው ካቴናውን። እኔ ዓይኔን ልታይ ሐኪም ቤት ሄጄ፣ እሱ ብቻውን ወጥቶ፣ የማዶዎቹ የባሕር ጠባቂዎች እዚያው ውኃ ላይ ያዙት። «ደርበው ማን ነው?» ሲሉት «አባቴ» አለ። «ያን ዕለት ማን ነበር?» ሲሉት «እኔ ነበርኩ፤ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ» አለ። ምስጋና መስሎታል፣ ምስኪን።

ሰናይት፦ እኔ ነኝ እንደሚመሰገን የነገርኩት።

ደርበው፦ እሱን ተይውና ኬብሉን ማን በጠሰው? ታውቂያለሽ። ዓይንሽ ከዓሣው ላይ አልነሣም አለ።

ሰናይት፦ አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ። በዚያን ሌሊት ማዕበል መልሕቁን ባሕር ወለል ላይ እየጎተተ አለፈ። ከዚያ ያለበትን ቦታ የሚናገረውን መሣሪያ አጠፋ። መልሶ ሲያበራው ርቆ ሄዷል።

ደርበው፦ ይህን አዳራሹ ውስጥ ያሉት ያውቃሉ?

ሰናይት፦ ሁሉም በስክሪን አይተውታል። ሲያዩም አይቻቸዋለሁ። አንዱ ውኃ ቀዳ፣ ሌላው መነጽሩን ወለወለ።

ደርበው፦ የማን መርከብ ሆኖ ነው?

ሰናይት፦ ጣጣው እሱ ነው። ባንዲራው የአንድ አገር፣ ባለቤቱ የሌላ አገር ሰው፣ ጭነቱ የሦስተኛ፣ ሠራተኞቹ የአራተኛ። አራቱም እዚያ ውስጥ ወንበር አላቸው።

ደርበው፦ የያዮስ?

ሰናይት፦ የያዮ ምኑ?

ደርበው፦ አገሩ። እሱስ ወንበር አለው?

ሰናይት፦ እርስዎ ያውቁታል እኮ።

ደርበው፦ አውቃለሁ። ትውልዱ አሰብ፣ እናቱ አፋር፣ አባቱ የወሎ ሰው፣ ያደገው እዚህ። ሦስት አገር ሊሻማበት የሚገባ ልጅ አንድ ወረቀት እንኳ የለውም። ያ ብረት አራት አገር አለው፣ የኔ ልጅ ደግሞ አንድም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይሄ ነው። የኛዎቹስ? ከአዲስ አበባ የመጡት?

ሰናይት፦ ዛሬ ጠዋት የቡድን መሪያችንን ለምኜዋለሁ። እግሩ ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ።

ደርበው፦ ምን አለሽ?

ሰናይት፦ «እኛ ባሕር የለንም፤ እዚህ ስብሰባ የገባነው በልመና ነው። እንግዳ ሆነን የሰው ድግስ እንበጥብጥ?» አለኝ።

ደርበው፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ሰናይት፦ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ጨንቆታል። ፎቶውን ካነሣች በኋላ ከውኃው ያስወጧት የጥገና መርከብ ተመልሳ ለመግባት የማዶዎቹን ፈቃድ እየጠበቀች ነው። እነሱ ደግሞ «በውኃችን ላይ ጥፋት ተሠርቷል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይገባም» ብለዋል። መግለጫው ዛሬ ከጸደቀ ነገ ትገባለች። ካልጸደቀ ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ተራ መጠበቅ ወራት ነው። አገር ቤት ባንኩ ያነክሳል፣ ሐኪም ቤቱ ያነክሳል፣ ልጁን ዓረብ አገር የላከው ሁሉ እንደ እርስዎ «ሃሎ» ላይ ይቋረጥበታል።

ደርበው፦ መግለጫው ምን ይላል?

ሰናይት፦ ጥሩ ነገር ነው የሚለው። አገሮች መረጃ እንዲለዋወጡ፣ የጥገና መርከብ ፈቃድ ለማግኘት እንዳይጉላላ፣ አንዱ ሲቸገር ሌላው እንዲደርስለት። ስንት የደከምኩበት ነው፣ ጋሽ ደርበው። አንዲት መስመር ብቻ ናት። ጉዳቱ የደረሰው በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መልሕቅ ነው፣ አዛዡም በሕግ ይጠየቃል የምትል። የያዮ ስም ተጠርቷል።

ደርበው፦ ወጡ ሙሉ ጣፋጭ፣ ዝንቧ አንዲት ብቻ።

ሰናይት፦ መስመሯ ከወጣች አራቱ እርስ በርስ መካሰስ ይጀምራሉ፤ መግለጫውም ይቀራል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ውለው ይህችን መስመር ሲያገኙ ተጨባበጡ።

ደርበው፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነበር የማውቀው። የእናንተ ድር አብሮ አብሮ ግልገል አሰረ። አንበሳውማ መብራቱን አጥፍቶ አለፈ። እና እንዴት ነው የሚያጸድቁት፣ እጅ እያወጡ?

ሰናይት፦ በዝምታ።

ደርበው፦ በምን?

ሰናይት፦ የስብሰባው ደንብ ነው። ሰብሳቢው ያነባል፤ «የሚቃወም አለ?» ይላል፤ ጥቂት ይጠብቃል። ማንም ካልተናገረ ጸደቀ ማለት ነው።

ደርበው፦ እኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው ወይ አኩርፏል ወይ ፈርቷል። እሺ ያለማ እሺ ይላል! ግድ የለም፤ እኔ ገብቼ አንዴ ብጮህስ? ዝምታው አይፈርስም?

ሰናይት፦ የእርስዎ ጩኸት አይቆጠርም። የሚቆጠረው ፊቱ የአገር ስም የተቀመጠለት ሰው ነው። ጥበቃው ክንድዎን ይዞ ያወጣዎታል፣ ሰብሳቢው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ እንደገና «የሚቃወም አለ?» ይላል።

ደርበው፦ አንቺ ብትጮኺስ?

ሰናይት፦ እኔም አልቆጠርም። ፊቴ ያለው ሰሌዳ «ጸሐፊ» ነው የሚለው። ትናንት ተነሥቼ «የሕጉ አንቀጽ ለዚህ ጀልበኛ ይከራከራል» አልኩ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «ጸሐፊያችን ደክሟታል» አለ። ሁሉም ሳቁ። በቃለ ጉባኤው ላይ እንኳ አልገባም።

ደርበው፦ ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ማን ነው?

ሰናይት፦ እኔ።

ደርበው፦ ወይ ጉድ! የራስሽን ቃል በራስሽ እጅ ቀበርሽው?

ሰናይት፦ «የአባላት ንግግር ብቻ» ይላል ደንቡ። ጻፍኩት፤ ከዚያ ሰረዝኩት።

ደርበው፦ እኔስ መናገር እየቻልኩ የሚሰማኝ ያጣሁ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ነበር።

ሰናይት፦ ሰፈራችሁ መጥቼ ያስተማርኩ ዕለት ሌሎቹ ሲበተኑ ያዮ ወደኔ መጣ። «ኬብሉ ምን ያህል ይወፍራል?» ብሎ ጠየቀኝ። የእጄን አንጓ አሳየሁት። «ይችን የምታክል ነገር ናት አገር ሙሉ የምትሸከመው?» ብሎ ሳቀ። ሰው እያሾፈብኝ ሳይሆን ገርሞት ሲስቅ በዚያ ቀን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ደርበው፦ ሲስቅ እናቱን ነው የሚመስል።

ሰናይት፦ ተስፋ አይቁረጡ። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ሌላ ስብሰባ ይኖራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ደርበው፦ ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ ግን ጨለማው ውስጥ የሚያድረው ማን ነው? ወረቀት የሌለው ሰው ታስሮ ማን ይጠይቀዋል? «የማን ነህ?» ሲሉት የሚመልሰው የለውም። ከአንድ ዓመት በኋላ «እንዲህ ያለ ሰው እኛ ጋ የለም» ቢሉኝ በምን እከራከራለሁ?

ሰናይት፦ ደወሉ ተደወለ። መግባት አለብኝ።

ደርበው፦ ቆይ። መናገር አትችይም፤ መቃወም አትችይም፤ ያልሽውን መጻፍ እንኳ አትችይም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ታዲያ ምን ትችያለሽ? ሰው እኮ ጨርሶ ባዶ እጁን አይሆንም።

ሰናይት፦ ምንም። መግለጫው እስኪነበብ ድረስ ግድፈት አርማለሁ። የተዘለለ ፊደል፣ የተሳሳተ ቀን፣ የተሳሳተ ስም። ያው እሱ ነው።

ደርበው፦ ስምም?

ሰናይት፦ ስህተት ከሆነ፤ ማንንም ሳላስፈቅድ።

ደርበው፦ ያቺ መስመር እንዴት ነው የምትለው? ቃል በቃል ንገሪኝ።

ሰናይት፦ «የጀልባዋ አዛዥ ያዮ ደርበው።»

ደርበው፦ እንግዲያው ተሳስታለች።

ሰናይት፦ ጋሽ ደርበው፣ ይተዉ!

ደርበው፦ አባት ጀልባ ላይ እያለ ልጅ አዛዥ ሆኖ ያውቃል? በየትኛው ባሕር? ጀልባዋ የኔ፣ መልሕቁ የኔ፣ መሪውን የያዝኩት እኔ። ውሸት ነው?

ሰናይት፦ ውሸት አይደለም፤ ግን አላደርገውም።

ደርበው፦ ቅድም እውነት ጠፋ ብለሽ ስታዝኚ አልነበር? ይኸው አንዲት እውነት ተገኘች፤ አርሚ።

ሰናይት፦ እርስዎ እኮ «ቁረጥ» እንኳ አላሉም። «እንጎትት» ነው ያሉት። አሁን በአፍዎ ነገሩኝ።

ደርበው፦ ይባስ! ሊጎትት የፈለገው እኔ፣ ሊያድን የፈለገው እሱ። ጥፋተኛ ካስፈለጋቸው እኔ እሻላቸዋለሁ።

ሰናይት፦ አያስቅም። ዓይንዎ እንኳ በቅጡ አያይም። ያን እስር ቤት አይችሉትም።

ደርበው፦ እዚያ ምን የሚታይ አለና ነው ዓይን የሚያስፈልገው?

ሰናይት፦ እሱን እንደሚለቁትስ በምን እርግጠኛ ሆኑ?

ደርበው፦ እርግጠኛማ አይደለሁም። የሚፈልጉት ግን አንድ ሰው ነው። ስሙ መግለጫው ላይ ያለ ሰው በእግሩ ሄዶ «እኔ ነኝ» ካላቸው፣ ስሙ የሌለውን ልጅ ለምን ብለው ይቀልቡታል? ነገ የሚሻገር ጀልባ አለ።

ሰናይት፦ ያዮ ይህን ሲሰማ ይረግመኛል።

ደርበው፦ ይርገምሽ። እዚህ ፊትሽ ቆሞ፣ እየጮኸ ይርገምሽ። እኔ የምለምንሽ እሱን ነው።

ሰናይት፦ ንጹሕ ሰው አውጥቼ በቦታው ሌላ ንጹሕ ሰው ላስገባ? ለዚህ ነው የተማርኩት?

ደርበው፦ ሌላ የምትችይው ነገር ካለ ንገሪኝና እኔም ቤቴ ልግባ።

ሰናይት፦ የለም።

ደርበው፦ ሁለተኛው ደወል ነው ይሄ?

ሰናይት፦ አዎ።

ደርበው፦ እንግዲህ ሂጂ፣ ልጄ። ዓሣውን ተይው፤ ያምሻል።

ሰናይት፦ ጋሽ ደርበው፣ ደርበው ማን ልበል? ስምዎን እስከ አያት ድረስ ይንገሩኝ።